የጌጃ ሰፈሯ የእርዳታ ጠቅላይ አዛዥ

እርዳታ የሚያሰባስብ ሰው የሌለበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ የለም፤ ካለም ሰፈር ልንለው አይገባም። አገር ውስጥ የሆነ ቦታ ጎርፍ ቤት ሲወስድ፣ ዜናው ሳያልቅ በራችሁን የሚያንኳኳ አንድ ሰው አለ። የእኛዋ ክብርት እትዬ ወለተሰንበት ናቸው። ከመሥሪያ ቤታቸው በጡረታ ቢሰናበቱም ከሥልጣን አልወረዱም።

እሳቸው ዘንድ የመስጠት ፍላጎት ብቻውን አያሳልፍም። ልብስ ያመጣ ሰው መጀመሪያ ራሱ ይለብሰዋል። ከዚያ “እስከ አስፋልቱ ሄደህ ተመለስ” ይባላል። ያፈረ ሰው ልብሱን ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። “አንተ ያፈርክበትን እነሱ ምን አድርገው ይልበሱት?” ይላሉ። አምና ክረምት፣ አዋሽ ሞልቶ በዳሩ ያሉ መንደሮችን ያጥለቀለቀ ጊዜ፣ እኔም ዚፑ የተበላሸ ካፖርት ለብሼ በሱቆቹ መሀል ተመላልሻለሁ። እትዬ ካፖርቱን በጣታቸው ጫፍ ያዙና፣ “ልጄ፣ ሰዎቹ የተቸገሩት በጎርፍ ነው። በብርድ ነው ያለህ ማን ነው?” አሉኝ።

ትልልቅ ድርጅቶችንም አይምሩም። ከሜክሲኮ አካባቢ የመጡ የአንድ ድርጅት ሰዎች፣ ጥቂት ካርቶን ፓስታና ግድግዳ የሚያህል ባነር ይዘው ፎቶ ሊነሱ ተሰለፉ። እትዬ ባነሩን ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

“ውሃ ያስገባል?”

“አያስገባም፣ እትዬ።”

“እንግዲያው ፎቷችሁን ቶሎ ተነሱና አጣጥፉልኝ። ጣሪያ ይወጣዋል።”

ሰዎቹ ባነራቸውን በገዛ እጃቸው አጣጥፈው ጫኑላቸው።

የጭነት መኪናው የጎረቤታችን የፈቃደ አይሱዙ ነው። ፈቃደ ፈቃዱን ተጠይቆ አያውቅም። “ነገ ጠዋት ነው የምንሄደው” ሲሉት ጎማውን ማየት ይጀምራል። እኔም በጫኝና አውራጅነት ተመድቤ አብሬ ሄድኩ።

አዋሽ ዳር ካሉት መንደሮች አንዱ ጋ ስንደርስ ውሃው ሄዷል፤ ጭቃው ግን አልሄደም። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ መሐሙድ ተቀበሉን፤ ልብሱን አወረድን፤ ተመረቅን። እትዬ ምርቃቱን እንደ ደመወዝ ከተቀበሉ በኋላ፣ “የጎደለ ካለ አይፈሩ፣ ይንገሩን” አሉ።

አቶ መሐሙድ ትንሽ አመነቱ። “ልብሱ ጥሩ ነው፣ አላህ ይስጥልን። ግን የውሃ ጉድጓዳችንን ደለል ሞልቶታል። ሴቶቹ ከወንዙ እየቀዱ ልጆቹ በተቅማጥ ታመሙ። አካፋና ጀሪካን ቢኖረን ኖሮ…” ብለው ተዉት። እንግዳ ማሳፈር አልፈለጉም።

እትዬ “አሳዩኝ” አሉ። ጉድጓዱን ሄደው አዩ። ዛፍ ሥር ሰሌን ላይ የተኛ ሕፃን ግንባሩን ዳሰሱ። ስንመለስ አዳማ ስንደርስ ወደ እኛ ዞሩ።

“ሳልጠይቅ ነው የጫንኩት” አሉ።

“ልብሱም እኮ ይጠቅማል፣ እትዬ” አለ ፈቃደ።

“ይጠቅማል። ልጁ ግን የጠማው ልብስ አይደለም።”

ነገሩን ደብቀው የሚያልፉት መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ግን በየበሩ እየቆሙ፣ “ተሳስቼ ነበር፤ አሁን አካፋ ስጡኝ” ሲሉ ዋሉ። የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ብረት በያጆች አካፋ ሰጡ፣ ባለሱቆች ጀሪካን። አካፋውንም ቢሆን ሳያስሞክሩ አልተቀበሉም፤ ለዓመታት ተደፍኖ የኖረው የሰፈራችን ቦይ በዚህ ሰበብ ተጠረገ።

ሁለተኛው ጉዞ ላይ ምርቃት የሚጠብቅ አልነበረም። እትዬ ቀሚሳቸውን ሸብ አድርገው ከሴቶቹ ጋር ጭቃ ተቀባበሉ፤ እኔና ፈቃደ ከመንደሩ ወንዶች ጋር እየተፈራረቅን ጉድጓድ ወረድን። ውሃው ሲጠራ የመንደሩ የጤና ባለሙያ መድኃኒት ጨመረችበት። ያ ሕፃን ድኖ፣ ከእህቱ ጋር በባዶ ጀሪካን ሲጣላ ትተነው መጣን።

ዘንድሮ ክረምት አንድ ጠዋት አቶ መሐሙድ ደወሉልኝ። “ከወንዙ ማዶ ያለውን መንደር ውሃ አጥለቀለቀው። እኛ ልንረዳቸው ተሰብስበናል። ከምን እንደምንጀምር እትዬን ጠይቅልን” አሉ።

ስልኩን ይዤ ሮጥኩ። እትዬ በራቸው ላይ ቆመው ሰሙ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። እንደዚያ ዝቅ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

“መሐሙድ ወንድሜ፣ እኔን አትጠይቁ። ተሻግራችሁ እነሱን ጠይቁ። ከአቅማችሁ በላይ የሆነውን ለእኔ ንገሩኝ።”

ስልኩን ሲመልሱልኝ የጫማዬን ክር እያሰርኩ ነበር።

“የት ልትሄድ ነው?”

“ፈቃደን ልጠራ።”

“ቁርስ ሳትበላ?” ብለው ተቆጡኝ። ከጓዳ ዳቦ አምጥተው፣ ትልቁን ቁራሽ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሌላውን ለፈቃደ ጠቀለሉለት።