የኔታ ቂርቆስ መስኮት የሌላትን ከተማ ሲያነቡ

በየከተማው «ዝናብ መጣ» ስትሉት «ዝናቡ ማን ነው?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። የፍኖተ ሰላሙ ክቡር ወልዑል መሪጌታ ቂርቆስ ይባላሉ። በገበዝ ማርያም ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ወዲህ ከንባብ ክበባችን ቀርተው አያውቁም። «ሰሙንስ ሰማን፤ ወርቁስ?» ይላሉ።

ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጇ «ሥጋ አልቋል» ስትላቸው «እውነትሽን ነው፤ ነፍስ ናት የምትቀር» ብለው ተክዘዋል። አንድ ቀን ደግሞ ሚኒባስ ውስጥ «በሩን በቀስታ ይዝጉ» የሚለውን ጽሑፍ ሲያመሰጥሩልኝ መውረጃዬን አልፌ ቡሬ ገባሁ።

ባለፈው ቅዳሜ የተወያየነው በሠርክአዲስ ልብ ወለድ ላይ ነበር። ሠርክአዲስ የቡሬ መምህርት ናት፤ መጽሐፉም የመጀመሪያዋ ነው። መስኮት በሕግ ስለተከለከለባት፣ ሰዉ ሰማይን በስክሪን ብቻ ስለሚያይባት ከተማ ይተርካል። ጠዋት «ዛሬ ካልተወደደ መጻፍ ይበቃኛል» ብላኝ ነበር።

የሥነ ጽሑፍ መምህሩ አንዷለም ቀድሞ ተናገረ። «ዓረፍተ ነገሯ እየተቆራረጠ ይሄዳል። ብዕሯ ገና አልበሰለም።»

ሠርክአዲስ አንገቷን ደፋች። ያኔ የኔታ ተነሡ። «ጀመሩን እንግዲህ» ብዬ በሆዴ አጉረመረምኩ።

«መጀመሪያ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው» አሉ መጽሐፉን እየገለጡ። «መስኮት በተደፈነ ቁጥር ያጥራል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ሁለት ሁለት ቃል ብቻ ቀረ። ሰዎቹ አየር ሲያጥራቸው እኔም አብሬ ታፈንሁ። ባለታሪኳ ሴት ግድግዳውን በመርፌ ስትበሳ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ገጹን ሙሉ ወረደ፤ እኔም ተነፈስሁ። ጌታው፣ አለመብሰል ይኸ ነው?»

አንዷለም ገጾቹን መላልሶ አየ። «ይቅርታ ሠርክአዲስ፤ እኔ ነኝ ያላየሁት» አለ።

«ሁለት ዓመት የለፋሁበት እሱ ነበር» አለች፤ እንባዋ መጣ። «ማንም የሚያይልኝ አልመሰለኝም፣ የኔታ።»

«እናስ መርፌዋ ማን ናት?»

«መርፌ ናት፣ የኔታ። መርፌ ብቻ።»

«ግድ የለም፤ እሱን አንቺም አላወቅሽውም» ብለው በኩራት ተቀመጡ። ሠርክአዲስ እያለቀሰች ሳቀች።

አሁን ሁለተኛ መጽሐፏን ጀምራለች። እኔም ሃያ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የደበቅኋትን አንዲት ግጥም ይዤ ትናንት ቤታቸው ሄድሁ። መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ወንበር ሳቡልኝ።

«ተቀመጥ» አሉኝ፤ «ምንም አያስቸኩለንም።»