ክብርት መልሶ ደዋይ

ሚስኮል አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሰው ለየቤቱ አንድ አንድ ታድሏል። ቤታችሁ ውስጥ ከሌለ ጎረቤት አለ፤ ጎረቤትም ከሌለ እናንተው ናችሁ። ለእኛ ግቢ የደረሱን አከራዬ ናቸው፤ በሙያቸው ልብስ ሰፊ፣ በማዕረጋቸው ክብርት መልሶ ደዋይ። ማዕረጉን የምጠራው በሆዴ ነው። ፊት ለፊትማ «እትዬ» ነው የምላቸው፤ ኪራይ መጨመር የሚባል ነገር አለ።

እትዬ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋሉ። ስልካቸው ከስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ከመቀሱ ጎን ትቀመጣለች። አንዴ ጠርታ ዝም ካለች መኪናው ቀጥ ይላል፣ ግማሹ የተሰፋ እጅጌ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ መነጽር ይፈለጋል። መነጽሩ ግንባራቸው ላይ ነው። «ሰው ሳይቸግረው አይደውልም» ይላሉ፣ እየደወሉ።

መቼም ሚስኮል በእኛ ዘንድ ቋንቋ ነው። ካርድ የሌለው ሰው አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል፤ «አንተ ደውልልኝ» ማለቱ ነው። ያልመለሰ ሰው ደግሞ «ኮራ» ይባላል። ሌቦቹ ይቺን ደግነታችንን አጥንተው መጡ። ቁጥሩ የውጭ አገር ነው፤ አንዴ ይጠራና ይጠፋል። መልሰህ ስትደውል የተቀዳ ድምፅ በማይገባህ ቋንቋ ይለፈልፍብሃል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይለቅብሃል። አንተ «አሁን ይነሳል» እያልክ ስትጠብቅ ካርድህ እሳት በሆነ ዋጋ ያልቃል፤ ሌባውም ከዚያው ድርሻውን ይቀበላል። ኪስ አውላቂ እንኳ ቢያንስ ይሮጣል! እነዚህ ቁጭ ብለው ነው የሚሰርቁት። አፈር ያስበላቸው!

እትዬ ግን ለተቀዳው ድምፅ ሰላምታ ይሰጣሉ። «ደህና ነሽ ወይ? ቤተሰብ ደህና? ማን ልበል?» ሴትየዋ ስትለፈልፍ «እየሰማሁሽ ነው፣ ብቻ ቀስ በዪ» ይሏታል። ሙዚቃው ሲመጣ ጆሮአቸው ላይ ለጥፈው በትዕግሥት ይቆማሉ።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ዩኒፎርሙ አልቆ እስከ መስኮቱ ተቆለለ። ደንበኞችን «ኑና ውሰዱ» ለማለት ግን ካርድ የለም፤ ሙዚቃው በልቶታል። በኔ ስልክ ስደውል ዋልኩ። ማንነቴን የማያውቁ እናቶች «የልጄን የወገብ ልክ አንተ ምን ቤት ነህና ታውቃለህ?» እያሉ አወረዱብኝ። ስልኩን ዘግቼ ወደ እትዬ ዞርኩ።

«እትዬ፣ የማያውቁት የውጭ ቁጥር ከሆነ አይመልሱ! የምር የፈለገዎት ሰው ደግሞ ይደውላል።»

«ሰው ሳይቸግረው አይደውልም፣ ልጄ።»

«ሌባም ሳይቸግረው አይሰርቅም!»

«አየህ? እሱም ቸግሮት ነው።»

ከኚህ ሴትዮ ጋር ምን ትነጋገራለህ? ደሜ ፈላ። «ስልኩን ይስጡኝ፤ ወደ ውጭ አገር መደወያውን አዘጋዋለሁ፣ ሁላችንም እናርፋለን» ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እትዬ ስልኳን አፈፍ አድርገው ጉያቸው ውስጥ ወሸቋት።

«እንዳትነካት!» ብለው ጮኹ። በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ሲጮኹ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄን ብታጠፋብኝስ?»

ሴት ልጃቸው ውጭ አገር ሰው ቤት እንደምትሠራ አውቃለሁ። ድሮ በቪዲዮ ስትደውል ግቢውን ሁሉ ጠርተው ያሳዩን ነበር። ያ መቼ እንደቀረ ግን ልብ አላልኩም።

«አዲሶቹ አሠሪዎቿ ስልኳን ቀሟት» አሉ እትዬ። «ዕቃ ግዢ ብለው ሲልኳት፣ መንገድ ላይ ያገኘችውን ሰው ለምና አንዴ ታስጠራለች። ቶሎ ካልደወልኩ ባለስልኩ ይሄዳል። ቁጥሩ አንድ ቀን እንኳ ተመሳስሎ አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ምን ብዬ? ልጄ ታሰረች ብዬ ላውጅ? ያ ሙዚቃው ካርዴን የበላው ዕለት፣ ወዲያው ሌላ ቁጥር ጠራ። መደወል አቃተኝ። እሷ ትሁን አትሁን እስካሁን አላውቅም።»

እኔ ለካርዱ ነበር የምንጨረጨረው! ለካ ሌቦቹ የሚጫወቱት በልጅቷ ጥሪ ነው። ስልክ በጠራ ቁጥር «ልጄ ናት» ብላ የምትነሳ እናት ላይ ነው ሙዚቃ የሚለቁት። የእናታቸውን ድምፅ ይንሳቸው!

ዘዴ ፈጠርን። ሌባ አንዴ ነው የሚጠራው፤ ልጅቷ ሁለቴ አከታትላ ታስጠራ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ችግሩ ልጅቷ አታውቀውም። እስክትሰማው ድረስ ለሁሉም መመለስ ግድ ሆነ። ክብርት ይደውላሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ሙዚቃው ገና «እን…» ሲል ነጥቄ እዘጋለሁ። ሰላምታ እንኳ አላስጨርሳቸውም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ እጄን ዘርግቼ ስጠብቅ ሙዚቃ ጠፋ። «እማዬ!» አለ ስልኩ።

እትዬ፣ ለሌባ ቤተሰቡን ሁሉ የሚጠይቁት እትዬ፣ ሰላምታውን ዘለሉት። «ሁለቴ! ከዛሬ ጀምሮ ሁለቴ አከታትለሽ አስጠሪ፣ ገባሽ?»

«ገባኝ። እማ፣ ውሌ ሊያልቅ ነው፤ እንዳለቀ እመጣለሁ» አለች። ከበስተኋላዋ ሰው ተቆጣና መስመሩ ተቋረጠ። እትዬ በተማሪ ዩኒፎርም እንባቸውን ጠረጉ፤ እኔም አንድ ቀሚስ ተዋስኩ።

እንግዲህ ተገላገልን ብዬ ነበር። ትናንት ስልኳ አንዴ ጠርታ ዝም አለች፤ የውጭ ቁጥር። «አንዴ ነው፤ ሌባ ነው» አልኩ በኩራት። «እሺ» አሉና ወደ ስፌታቸው ተመለሱ። ኮሌታው መሀል ላይ መኪናው ቆመ።

«የሌላ ሰው ልጅ ብትሆንስ?»

«እትዬ!»

«አንድ ቁጥር ተሳስታ እንደሆነስ? እናቷን ፈልጋ?»

«እትዬ፣ ያብዳሉ እንዴ? እናቷ እርስዎ አይደሉም! ሌባ ነው እያልኩዎት!»

ደወሉ። ሙዚቃ ነው። ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ ቆመው አዳመጡት፤ እኔም አልነጠቅኋቸውም። ከዚያ ሱቅ ሄጄ ካርድ ገዝቼ ሞላሁላቸው። እየተሳደብኩ ነው የሞላሁት፤ ስድቡ ለእሳቸው እንዳልሆነ ግን እሳቸውም ያውቃሉ።