ሰው የሌለበት ፎቶ

ባሕሩ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ካሜራ አንጠልጥሎ ሰው ሁሉ ከፊቱ ዘወር እስኪልለት የሚጠብቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዱን ስኬቨኒንገን በሚባል የሆላንድ ባሕር ዳርቻ አገኘሁት። ጫማዬን አድርጎ ስለነበር ወዲያው አወቅሁት።

ያኔ ሆላንድ ከገባሁ ገና ሁለት ዓመቴ ነበር። ሕፃን ኳስ ይዞ ካሜራዬ ፊት ብቅ ካለብኝ፣ ጥበቤን አበላሸው ብዬ አኮርፋለሁ። ፎቶዎቹን ለእናቴ ላክሁላት። በጎረቤት እጅ አጽፋ መለሰችልኝ፦ «ውሃውንስ አየሁት፣ ልጄ። እዚያ አገር ሰው የለም? ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

ምን ልበላት? በማግስቱ ውሻውን ይዞ የሚያልፍ ሆላንዳዊ ሽማግሌ ለምኜ አጠገቤ አቆምኩት። ካሜራው ድንጋይ ላይ ሆኖ በራሱ አነሳን። ሽማግሌው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። እኔም «ወዳጄ ነው» ብዬ ፎቶውን ለእናቴ ላክሁላት።

መልሷ መጣ፦ «እሰይ፣ ብቻህን አይደለህማ። ከእንግዲህ ሁለታችሁንም በጸሎቴ አስባችኋለሁ። የክርስትና ስማቸውን ላክልኝ።»

ያን በጋ ሙሉ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር ከምኖርበት ሰፈር ከሙርዋይክ በትራም እመጣለሁ። ፀሐይዋ አምራ ትጠልቃለች። እኔ ግን ካሜራዬን ቤት ትቼ፣ ጀርባዬን ለፀሐይዋ ሰጥቼ፣ ባለውሻውን ሽማግሌ እጠብቅ ነበር።