ኦክቶጀናሪያን በሽምግልና

ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ሥሩን የማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል የለም። ችግሩ፣ የሚሰማኝ ሰውም የለም። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ የቃል ዘር የሚቆጥር ፍጡር ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ነኝ፤ ለራሴም ሰልችቶኛል።

በቀደም ጎረቤቴ ጋሽ ታፈረ፣ ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን መብላት መረራቸውና እኔንና ሁለት ጓደኞቼን ዳንግላ ወዳሉ አንዲት ባል የሞተባቸው ሴት ሽማግሌ አድርገው ላኩን። "አደራ፣ ዕድሜዬን እንዳታነሱ!" አሉን። ከጋሪ ወርደን እንደ ወጉ በር ላይ ቆምን። ገና ተቀመጡ ሳንባል የሴትዮዋ ወንድም፣ "ለመሆኑ ሰውየው ስንት ዓመታቸው ነው?" አለ።

ጓደኞቼ መሬት መሬት ሲያዩ እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"ኦክቶጀናሪያን ናቸው! ቃሉ የመጣው ከላቲን ነው። ሥሩ ሰማንያ ማለት ሲሆን፣ ሰማንያን ተሻግሮ ዘጠና ያልደረሰ ሰው ይጠራበታል። ሮማውያን እንዲያውም..."

ሮም ሳልደርስ አንዱ ጓደኛዬ በከዘራው እግሬን ወጋኝ። የዳንግላ ጋሪ ፈረሶች ሁሉ ባሉበት የቆሙ መሰለኝ። የጋሽ ታፈረን ትዳር በላቲን አፈረስኩት በቃ!

ሴትዮዋ ከጓዳ ብቅ ብለው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝና፣ "ሰማንያ ያለፋቸው ሙሽራ እርስዎ ነዎት?" አሉ።

"ኧረ እኔስ ሽማግሌ ነኝ፣ እመቤቴ! ሙሽራው እቤታቸው ናቸው።"

"እሰይ! የፈራሁት እርስዎ እንዳይሆኑ ነበር። እንግዲያው ሰማንያም ይሁን፣ እሺ ብያለሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ።"

አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው።