የሐጂ ቃሲም ካሜራ

ሰው ቤቱን የሚጠብቀው በሚታየው በር በኩል ነው፤ በማይታየው ማን እንደሚገባበት የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። እኔም ያው ነኝ። ነገሌ ላይ ያለችኝ ትንሽ ፔንሲዮን አጥር ላይ ጠርሙስ ሰካሁ፣ የብረት በር አቆምኩላት፣ በዚያ ላይ ካሜራ ጨመርኩና ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥኩ። ካሜራውን የገጠመልኝ ባለሙያ ሊሄድ ሲል፣ አብሮ የመጣውን ፓስዎርድ እንድቀይር፣ የእንግዶቹንም ዋይፋይ ከካሜራው መስመር እንድለይ መከረኝ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል?

የዋይፋዩን ነገር ደግሞ እናንተው ፍረዱ። እዚህ አገር ሰው አካም ብሎ፣ ናጋ ብሎ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ሳይጨርስ ጉዳዩን አያነሳም። ይህን ሁሉ ደህንነቴን የጠየቀ ሰው በመጨረሻ "ፓስዎርዷን?" ሲለኝ በምን አፌ ልከልክለው? ለኔ ውሃ እንደ መከልከል ነው። እንዲህ እያልኩ ለሰፈሩ በሙሉ አደልኳት።

አንድ ቀን ከሻኪሶ የወርቅ ነጋዴ መጣ። መምጣቱን ሰው እንዳያውቅበት ብቻ ነበር የለመነኝ። "ለኔ ይተዉት" አልኩና ስለ አጥሬ፣ ስለ ካሜራዬ፣ ስለ ምስጢር ጠባቂነቴ ረጅም ንግግር አደረግሁለት። ቁልፉን ሳልሰጠው ስልኬ ጠራ። ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያላቸው ሐጂ ቃሲም ናቸው፤ ቁልፍ እየፈለግሁ ስለነበር ላውድ ላይ አደረግኋቸው።

"ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ናጋ?" አሉ። "እንግዳህ ቦርሳውን ወንበር ላይ ትቶ ወደ አንተ ዞሯል። እንዲህ አይጣልም፣ ልጄ፤ ንገረው። እዚህ ሱቅ ያለን ሰዎች ሁሉ በዋይፋይህ ገብተን ካሜራህን በስልክ እያየን ተጨነቅን።"

ነጋዴው ቦርሳውን አነሳ። መጀመሪያ ካሜራውን ቀና ብሎ አየ፣ ቀጥሎ እኔን። ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ወጣ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያኔ ባለሙያውን ጠርቼ ፓስዎርዱን አስቀየርኩ፣ መስመሩን አስለየሁ። ሐጂ ቃሲም ተቀየሙኝ። እኛ እኮ እየጠበቅንህ ነበር ይላሉ። እኔ ግን በሥራዬ ኮራሁ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያ ነጋዴ ደወለ። ተመልሶ ነገሌ ሊመጣ ነው። ያን ቀን የደወሉት ሽማግሌ አሁንም የሚያዩ እንደሆነ ጠየቀኝ። ማንም አያይም፣ ሁሉንም ዘግቻለሁ አልኩት፤ ድምፄ ላይ ኩራቱ ሳይሰማው አልቀረም።

"ያን ቀን ካንተ ወጥቼ ባረፍኩበት ቤት ሌቦች ሌሊቱን ሙሉ በሬን ሲነካኩ አደሩ" አለኝ። "ማንም አልደወለም። ሽማግሌው ካላዩ ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ።"

ስልኩን ዘግቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ሐጂ ቃሲምን ይቅርታ ጠየቅኋቸውና የመግቢያውን ካሜራ ፓስዎርድ ለርስዎ ብቻ፣ ለሌላ ለማንም አይንገሩ ብዬ ሰጠኋቸው። ስልካቸውን አውጥተው ሞከሩት።

"እሺ" አሉኝ በመጨረሻ። "ግን የካሜራውን ድምፅ አጥፋልኝ። ከሰዓት በኋላ ስታንኮራፋ ደንበኞቼ መኪና የተነሳ እየመሰላቸው ይወጡብኝ ነበር።"