ባዶ እጁን ደን የሚገባ ሰው

በ1975 ዓ.ም. ኅዳር ወር ላይ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ጣና በጉም ተሸፍኖ ከወደቡ ላይ ቆመን ጀልባው እንኳ አይታየንም ነበር። ጉሙ ይነሣል እያልን እስከ ሦስት ሰዓት ቆምን። አሥር ሰዎች ነን፤ በየእግራችን ሥር ጓዝ ተቀምጧል፦ ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ሸራ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ፋኖስ። ጉሙ መሳሳት ሲጀምር አቶ ዳኘው ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ብቅ አሉ። ጓዛችንን አንድ በአንድ ተመለከቱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዱር ምን ጎድሎት ነው ይሄ ሁሉ?» አሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ባዶ እጁን የሚጓዝ ሰው አለ። የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ይህ ሰው ስንቅ አይዝም፤ ዣንጥላ አይዝም፤ የእጅ ባትሪ አይዝም። አለመያዙን ሰው ሁሉ ይችለው ነበር፤ የማይቻለው የያዘውን ሰው መናቁ ነው። ዝናብ ሲመጣ ግን ዣንጥላው ሥር መጀመሪያ የምታገኙት እሱን ነው፤ እሱም መሐሉን ይዞ። ለኛ ፋብሪካ የደረሱት አቶ ዳኘው ነበሩ። የጥገና ክፍል ኃላፊ፣ የናዝሬት ልጅ፣ ላጤ፣ በንጉሡ ጊዜ የስካውት አለቃ፣ በአብዮቱ ጊዜ ደግሞ የሠራተኞች መዝናኛ ኮሚቴ ሰብሳቢ።

እኔ የፋብሪካው ወጥ ሠሪ ነኝ። ዱርቤቴ አጠገብ ገጠር ተወልጄ፣ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ባል አግብቼ ፈትቼ፣ መሬት ላይ መተኛትና በሦስት ጉልቻ መቀቀል ሲሰለቸኝ ነው ባሕር ዳር የገባሁት። አልጋ በገዛሁ በሦስተኛው ዓመት የመዝናኛ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ መሬት ላይ መተኛትና በሦስት ጉልቻ መቀቀል መዝናኛ ነው ብሎ ወሰነ። ወጥ የሚሠራ ሰው ስለሚያስፈልግ እኔም እንድዝናና ተመደብሁ።

በዓመት አንድ ጊዜ በጀልባ ወደ ቁንዝላ እንሻገራለን። ከዚያ አራት ሰዓት በእግር ተጉዘን የመንግሥት ደን ውስጥ እንገባለን። ቤት የለው፣ መንገድ የለው፣ ከአንዲት ምንጭ በቀር ምንም የለው። አቶ ዳኘው ምንጯ አጠገብ ይቆሙና አየሩን በረጅሙ ስበው «አያችሁ፣ ሁሉም ነገር አለ» ይላሉ። እኛ ጓዝ እናወርዳለን።

በመጀመሪያው ዓመት እሳት ያለ ክብሪት እንደሚነድ ሊያሳዩን ሁለት እንጨት ይዘው ተቀመጡ። ስምንት ሰዓት ላይ ጀመሩ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንጨቱ ሞቀ፤ እሳቸውንም ሞቃቸው። ሰው ርቦታል። የዕቃ ግምጃ ቤቱ አካሉ፣ ነገር ማሳለፍ የማይችል ሰው ነው፣ ክብሪቱን ከኪሱ አውጥቶ ጫረና «ይኸው ጓድ ዳኘው፣ ነደደልዎት» አላቸው።

«እንጨቱን ያሞቅኩት እኔ ነኝ» አሉ።

በማግስቱ ቅጠል ከጋቢ እንደሚበልጥ አስተማሩን። ቅጠል ጎዝጉዘውም ተኙ። እኔ በማለዳ እሳት ላያይዝ ስነሣ ጋቢዬን ትቼ ሄድሁ። ውኃ ቀድቼ ስመለስ አቶ ዳኘው ጋቢዬን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ስለ ቅጠል ሙቀት ለሁለት መሐንዲሶች ያስረዳሉ።

የጸሐፊዋ የየሺአረግ ሸራ ደግሞ ያንገበግባቸው ነበር። «ቤት ጥለሽ መጥተሽ እዚህ ቤት ትሠሪያለሽ?» ይሏታል። ያልታሰበ ዝናብ የወረደ ቀን የሸራውን መሐል ይዘው ስለ ዝናብ ጥቅም ነገሩን። የሺአረግ «ትንሽ ጠጋ ይበሉልኝ፣ ትከሻዬ ውጭ ቀረ» ብትላቸው፣ ዝናብ ሰው ጎድቶ እንደማያውቅ ነገሯት።

አንድ ጊዜም ከመሬት አንድ የቅጠል ሥር ነቅለው፣ አጥበው፣ ይበላል አሉ።

«አቶ ዳኘው፣ ይሄ እኛ አገር የከብት ቁስል ላይ ነው የሚደረገው» አልኋቸው።

«ከብት የሚያድን ሰውን ይገድላል?» ብለው በሉት። አልገደላቸውም። ሁለት ቀን ግን ከዛፍ ዛፍ ሲሮጡ ዋሉ፤ እኔም አጥሚት ስሠራላቸው ዋልሁ። አጥሚቱን ሲጠጡ «ሰገነት፣ ያቺን ኩባያሽን አንዴ» አሉኝ። የእሳቸው አንዴ ሦስት ቀን ትፈጃለች።

በሦስተኛው ጉዞ ሁለት ሁለት መያዝ ጀመርሁ። ሁለት ኩባያ፣ ሁለት ጋቢ፣ ሁለት ማንኪያ፣ በሶውንም የሁለት ሰው። ደግ ሆኜ የያዝሁት እንዳይመስላችሁ። የኔን ጠጥተው እስኪመልሱልኝ ቆሞ መጠበቅ ከመሸከሙ ይልቅ ስለሚያደክመኝ ነው። አካሉ ጓዜን ሲያወርድልኝ አይቶ «ሰገነት፣ መንታ ወለድሽ እንዴ?» አለኝ።

«አንዱ አርባ ዓመት አልፎታል» አልሁት።

አቶ ዳኘው ከሁለተኛው ኩባያ ይጠጣሉ፣ ሁለተኛውን ጋቢ ይለብሳሉ፣ ከየት መጣ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ዱሩ የሰጣቸው ይመስላቸው ይሆናል።

ያ ጉሙ ያስቆመን ጉዞ አራተኛው ነበር። ቅዳሜን በሰላም ዋልን። እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ሳለን ስድስት ሚሊሺያዎች ከዛፎቹ መሐል ወጡ። ከፊት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ተክለ ጊዮርጊስ አሉ፤ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሽማግሌ።

«ወረቀታችሁን» አሉ።

ወረቀትስ ነበረን። የፋብሪካው አስተዳደር ባለማኅተም ደብዳቤ ጽፎ ለኮሚቴው ሰብሳቢ በእጃቸው ሰጥቷቸዋል። ሁላችንም ወደ አቶ ዳኘው ዞርን። እሳቸው ወደ ዛፉ ዞሩ።

«ጠረጴዛዬ ላይ ነው» አሉ።

ያ ዓመት የሚቀለድበት አልነበረም። ደኑ ውስጥ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገብተዋል ይባላል። ባለፈው ክረምት ከኛ ቀበሌ አንድ አናጢ እንጨት ሊመርጥ ገብቶ ያለ ወረቀት ተገኘና ወደ አውራጃው ተላከ። ሚስቱ ስንቅ ይዛ ሦስት ጊዜ ሄደች። በሦስተኛው እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም አሏት።

ሚሊሺያዎቹ ጓዛችንን ይፈትሹ ጀመር። ድስት ሲያገኙ፣ በሶ ሲያገኙ፣ የየሺአረግን መስተዋት ሲያገኙ ፊታቸው እየተፈታ ሄደ። ድስት ተሸክሞ የሚሸፍት ሰው የለም። አቶ ዳኘው ዘንድ ሲደርሱ ግን የሚፈተሽ ጠፋ።

«ያንተ ስንቅ የታለ?» አሉ ሊቀ መንበሩ።

«እኔ ስንቅ አልይዝም።»

«ይህን ሁሉ መንገድ ባዶ እጅህን መጣህ?»

«ዱር ምን ጎድሎት» አሉ አቶ ዳኘው። ልማድ ሆኖባቸው ነው።

ሊቀ መንበሩ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። «እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ስንቅ ሳልይዝ ይህን ደን ገብቼ አላውቅም። ሳይዝ የሚገባ፣ ውስጥ የሚያበላው ሰው ያለው ነው። ማነው የሚያበላህ?»

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ጥያቄ በአራት ዓመት ውስጥ ማንም አላነሣም።

አቶ ዳኘው ስለ ስካውት ማስረዳት ጀመሩ። የንጉሡን ዘመን ሲያነሡ አካሉ ዓይኑን ጨፈነ። ሊቀ መንበሩ እስከ መጨረሻው ሰሟቸውና «እሰሩት» አሉ። «የቀረውን ለአውራጃው ይናገራል። ሌሎቻችሁ ወደመጣችሁበት ሂዱ።»

የአቶ ዳኘው እጆች ከኪሳቸው ወጡ። ሲታሰሩ አየኋቸው፤ ቀጫጭን ናቸው። ሌሎቹ ጓዛቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እኔም ብዙ ጊዜ በሰው ነገር አልገባም። ግን የአናጢው ሚስት ጎረቤቴ ናት፤ ያ ይዛው ሄዳ ይዛው የተመለሰችው ስንቅ የታሸገው እኔ ቤት ነው።

«የሱ ስንቅ እኔ ዘንድ ነው» አልሁ።

ጓዜን ፈታሁ። ሁለተኛውን ጋቢ፣ ሁለተኛውን ኩባያ፣ ሁለተኛውን ማንኪያ አወጣሁና ሣሩ ላይ ደረደርሁ። ሊቀ መንበሩ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ለምን አንቺ ትሸከሚለታለሽ? ምኑ ነሽ?»

ወጥ ሠሪያቸው ነኝ ብል የሁሉም ወጥ ሠሪ ነኝ፤ ለሌሎቹ ማንኪያ አልያዝሁም። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ ገመዱም ተቋጥሯል።

«ባሌ ነው» አልሁ።

ሊቀ መንበሩ ጋቢውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እሱን አዩ። ከዚያ ሳቁ። «ባል ከሆነማ ምን ይይዛል?» አሉ። «የኔዋም ከጠመንጃዬ በቀር ሁሉንም እሷው ናት የምትሸከም። ፍቱት።»

ገመዱን የሚፈታው ሚሊሺያ ተቆጣው። «ማነው የሚያበላህ ስትባል ሚስቴ ናት አትልም? እስክትላክ ትጠብቃለህ?»

«አፍሬ ነው» አለ ዳኘው።

አራት ዓመት ሙሉ አፉ ሳያርፍ ሰምቸዋለሁ፤ ይህን ቃል ግን ሰምቸበት አላውቅም።

ሁለት ሚሊሺያዎች እስከ ቁንዝላ መንገድ ሸኙን። ጓዙን አንሥቼ ሳዝል ዳኘው ጠጋ ብሎ በዝግታ «ልያዝልሽ?» አለኝ።

«አሁን ከያዝህልኝ ይነቃብናል» አልሁት።

«እውነትሽን ነው» አለና እጆቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

ነገሩ እዚያ ላይ ባበቃ ነበር። ሊቀ መንበሩ ግን ሥርዓት አክባሪ ሰው ናቸው፤ በሦስተኛው ሳምንት ለፋብሪካው ጻፉ። «ጓድ ዳኘው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ሰገነት ጋር ያለ ፈቃድ ደን ውስጥ ተገኝተው፣ ተመክረው የተለቀቁ መሆኑን እንገልጻለን።» ማኅተሙ ክብ ነው፣ ሰማያዊ ነው፣ ፊደሉ ሁሉ ይነበባል። የአስተዳደር ኃላፊው ሁለታችንን አስጠርቶ አስነበበን።

«ወይ ለሚሊሺያ ዋሽታችኋል፣ ወይ ጋብቻችሁን ለፋብሪካው አላሳወቃችሁም» አለ። «የመጀመሪያው ያሳስራል። ሁለተኛው ቅጽ ያስሞላል። የትኛው ነው?»

ዳኘው ወደ እኔ አየ። ወሬው ፋብሪካውን ከዞረ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ እሱም አላስተባበለም፣ እኔም አላስተባበልሁም። እኔ እንኳ ደክሞኝ ነው እል ነበር። እሱ ግን ባልሠራው ነገር ሲመሰገን እንጂ ባልሠራው ነገር ሲታማ ዝም የሚል ሰው አልነበረም።

«ቅጹን ይስጡን» አልሁ።

ቅጹ ከመቼ ጀምሮ ይላል። ኃላፊው ወደ መስኮቱ ዞሮ «ከኅዳር በፊት ያለውን አንድ ቀን ጻፉ» አለን። ዳኘው ኪሱን ዳበሰ፤ እስክርቢቶ የለውም። ኃላፊው የራሱን አቀበለው፤ ከዚያ ወዲህ ያን እስክርቢቶ አላየሁትም ይላል።

በሳምንቱ ቀበሌ ሄደን ፈረምን። ምስክሮቹ አካሉና የሺአረግ ናቸው። አካሉ ፈርሞ እስክርቢቶውን ፈጥኖ ኪሱ ከተተ። የሺአረግ «እኔማ ያኔ ደኑ ውስጥም ውሸት አልመሰለኝም» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነ። ዳኘው ገበያ ይወርዳል፣ ባዶ እጁን ይመለሳል፣ ገበያው ምን እንዳለው ለአንድ ሰዓት ያስረዳኛል። ስለ እሱ እንዲህ የማወራው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲጀምር ተነሥቼ እወጣለሁ። ዘንድሮ እግሬ ስላበጠ ከጉዞው ቀረሁ። የፋብሪካውን የፈቃድ ደብዳቤ ኮቱ ደረት ኪስ ውስጥ ከትቼ በመርፌ ሰፋሁበት፤ ሲጠይቁት ክሩን እንዲበጥስ ነገርሁት።

ዛሬ እሑድ ነው፤ ያኔ ሚሊሺያዎቹ የመጡብን ቀን። ዳኘው ከዓርብ ጀምሮ ደኑ ውስጥ ነው፤ ማክሰኞ በጀልባው ይመለሳል፤ መጀመሪያ የማየው ክሩን ነው።