ስምንተኛ ትውልድ ካልሆነ አልገባም ያለው ሲስተም

በዚህ ዘመን ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ የሚሆነው ወይ አማት ሲመጣ ነው፣ ወይ ኮምፒውተሩ ሲታደስ። አማት ቢያንስ ይሄዳል።

የእኔ ኮምፒውተር አርጅቷል፤ አልክድም። ሲነሳ የሚያሰማው ጩኸት ጉና ተራራ ላይ ያለ በግ ያስደነብራል። ግን የደብረ ታቦርን ግማሽ ሰው የዘር ሐረግ በሆዱ የያዘ እሱ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ እየጠየቅሁ የጻፍኩት ነው፤ እዚህ አገር ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለማ። በቃሌ አልያዝኩትም፤ ከሦስተኛው አያት በላይ እኔም እንቅልፌ ይመጣል።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው ጌትነት ለጎረቤቴ ልጅ ሽማግሌ ልኮ፣ እሁድ ከእኔ ኮምፒውተር ዘር ተቆጥሮ መልስ ይሰጥ ተባለ። ቆጠራው እንዲፈጥንለት ነው መሰል፣ ጋሼ፣ ይህ ሲስተም እኮ ሞቷል፣ አዲሱን ልጫንልዎት አለኝ።

አዲሱ ገና ሳይገባ ይመረምረኝ ጀመር። ፕሮሰሰርህ አራተኛ ትውልድ ነው፣ እኔ ከስምንተኛ በታች አልቀበልም አለ። እኛ ልጅ ስንድር እንኳ በሰባት እንረካለን፤ ይህ ማንን ሊያገባ ነው? ጌትነት ግን ሳቀ። አይዞዎት ጋሼ፣ መስፈርት የወጣው ለማያውቅ ሰው ነው፣ እኔ በጓሮ በር አስገባዋለሁ አለ። አስገባውም።

ከገባ በኋላ ደግሞ ማን ነህ አለኝ። እኔን! በኢንተርኔት አካውንት ካላወጣህ አላሳልፍህም አለ። በይለፍ ቃሉ ትልቅና ትንሽ ፊደል ቀላቅል አለኝ፤ የእኛ ፊደል ሁሉ እኩል መሆኑን ማን ይንገረው? ቀላቅዬ ስጨርስ ኢንተርኔቱ ጠፋ፤ እስከ እሁድም አልተመለሰም። በገዛ ጠረጴዛዬ ላይ፣ የገዛ መብራቴን እየበላ፣ ሰባቱንም ቤት ቆልፎብኝ ተቀመጠ። ሌባ እንኳ ቤት ሲገባ ባለቤቱን ስምህ ማን ነው አይልም።

እሁድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ኮምፒውተሩን ብንለው ብንለው አልከፍት ሲል፣ ከጉና ሥር እማሆይ ጥሩነሽን በበቅሎ አስመጣን። ዘጠናን አልፈዋል፤ የጻፍኩትን ግማሹን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አካውንት የላቸውም። ዓይናቸውን ጨፍነው የልጅቱን ወገን ቆጠሩ፣ የጌትነትን ወገን ቆጠሩ፣ ስድስተኛው ላይ ቆሙ። ሁለቱም ከአንድ ሰው ይወለዳሉ አሉ።

ጌትነት ላቡን ጠራርጎ ወደ እማሆይ ጠጋ አለና፣ እማሆይ፣ በጓሮ በር የሚገባበት መንገድ የለውም ወይ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቃቸው።

እማሆይ ጆሯቸው ደከም ይላልና፣ ሽማግሌዎቹም እንዲሰሙህ ጮክ በል ልጄ አሉት።